የአያ ባዘዘው ትራክተር ደህና ነው

መምህር ሰማኸኝን ከአያ ባዘዘው ደጅ ያደረሰው ጭቃ ነው። ከገንዳ ውሃ ከተማ የተሳፈረባት ባጃጅ ጥቁሩ ዋልካ ውስጥ ሰጠመች፤ ሹፌሩ «አንዴ ይጠብቁኝ» ብሎ የሚገፋ ሰው ፍለጋ ሄደ፤ የመስከረም መጨረሻ ዝናብ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። መምህሩ አንድ እግር ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ ቅርቡ አጥር ሮጠ።

ከአጥሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በዝናብ ትራክተር ይወለውላሉ።

ይህን የሩቅ ሰው ቢያይ ቆሞ ይገረማል። የቀበሌው ሰው ግን ለምዶታል። ትራክተሩ ሞተር የለውም። ሞተሩ ነክሶ ጎንደር ጋራዥ ከተወሰደ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አያ ባዘዘው የጥገናውን ዋጋ ሲሰሙ እዚያው ጥለውት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የትራክተሩ ሆድ ባዶ ነው፤ ዶሮ ትፈለፍልበታለች። ጎረቤት ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ማንም አይናገረውም። በደጁ ያለፈ ሁሉ «አያ፣ ትራክተሩ እንዴት ነው?» ይላል። «ደህና ነው፣ ተመስገን» ይላሉ። ሰላምታ ነው። የቀበሌው ሰው ጨዋ ነው።

«ቤቶች! ያስጠልሉኝ አያ።»

«ግባ፣ ግባ። መምህር በአንድ ጫማ! ደሞዙ እንዲህ ሆነ እንዴ?»

«አዎ አያ፣ ዘንድሮ በግማሽ ነው የሚከፍሉን። ትራክተሩ እንዴት ነው?» አለ ሰማኸኝ፤ ልማዱ ከአፉ ቀድሞ ወጣ።

«ደህና ነው፣ ተመስገን።»

ይህን ሲሉ ከኮፈኑ ሥር አንዲት ዶሮ ብቅ አለች፤ ዝናቡን አየችና ተመልሳ ገባች። ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

ከራኩባው ሥር፣ ከሳር ጥላው፣ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ። ሰማኸኝ ሊናገረው የፈለገ ነገር ነበረው፤ ጭቃው ባያመጣው ኖሮ ግን ለመምጣት አይደፍርም ነበር። የአያ ባዘዘው የልጅ ልጅ ህሊና ተማሪው ናት። ፈተናውን አልፋ ጎንደር ነርስነት እንድትማር ኮሌጅ ተቀብሏታል። እናቷ በልጅነቷ ሞታለች፤ አባቷ አለኸኝ ከሰሊጥ እርሻ ሲመለስ ታፍኖ፣ አፋኞቹ ለማስለቀቂያ የባለትራክተር ልጅ ዋጋ ጠይቀውበት፣ በሬውም መሬቱም ተሸጦ ሳይሞላ ቀርቶ፣ ከጓንግ ወንዝ ዳር ሬሳው ተገኘ። ይህ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው።

መንግሥት ለችግረኛ ተማሪ የኮሌጅ ድጋፍ ይሰጣል። የሚገባው ማን እንደሆነ የሚለየው በቀበሌ ስብሰባ ነው፤ ስም ይነበባል፣ ጎረቤት ይመሰክራል። ባለፈው ሳምንት የህሊና ስም ሲነበብ ጎረቤቷ ባየልኝ ዘሎ ተነሣና፣ «የባለትራክተር ቤት? ችግረኛ? ነውር አይደለም እንዴ!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አያ ባዘዘው ከተቀመጡበት ብድግ ብለው እጅ ነሡ። ህሊና በጭብጨባ ተሰረዘች።

«አያ፣ ነገ የቅሬታ መጨረሻ ቀን ነው» አለ ሰማኸኝ።

«እኔ ቅሬታ የለኝም።»

«እርስዎ የለዎትም። ህሊና ግን አላት።»

«ህሊና የባዘዘው ዘር ናት። ከጎጃም ከወሎ ለቀን ሥራ የወረደ ሳሉግ ሰሊጤን አጭዶ፣ ከቤቴ በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆኝ ነው የሚሄድ የነበረው። ዛሬ እኔ ሰው መሐል ቆሜ ‹ስጡኝ› ልበል?»

«ልመና አይደለም እኮ። ሲያርሱ በነበረ ጊዜ ግብር አልከፈሉም?»

«ከፍያለሁ። አንድ ዓመት አላሳለፍሁም።»

«እሱ ነው የሚመለሰው።»

«አንተ መምህር፣ መንግሥት የወሰደውን ሲመልስ አይተህ ታውቃለህ?»

ሰማኸኝ አሰበ። ብዙ አላየም። «አሁን ሊመልስ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ክርክሩ በዚህ በኩል እንደማያዋጣው ስለገባው መንገድ ለወጠ። «ተምራ ትመለሳለች አያ። ጤና ጣቢያው ነርስ ካጣ ስንት ጊዜ ሆነው? ጎረቤታችን አሰበች ምጥ ይዟት፣ ባጃጅ ሲፈለግላት አይደል እንዴ ያለፈችው?»

«አውቃለሁ። ጉድጓዷን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ?»

«ሌላ ነርስ ይላክልን።»

«ህሊና ካልተማረች ከጓደኛዋ ከመጂዳ ጋር ድንበር ተሻግራ ገዳሪፍ ሻይ ልትሸጥ ነው። ነግራዎታለች?»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። «ሱዳን ጦርነት ነው እኮ!»

«እሷም ታውቃለች።»

ዝናቡ ትራክተሩን ይደበድባል፤ ባዶ ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፁ ከበሮ ይመስላል። አያ ባዘዘው እርጥቡን ጨርቅ ጨመቁት፤ ዘረጉት፤ መልሰው ጨመቁት።

«የተማርህ ሰው ነህና አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «አለኸኝን የወሰዱት የባለትራክተር ልጅ ነው ብለው ነው። እሺ፣ ነገ እነሣለሁ፤ ድሃ ነኝ እላለሁ። ልጄ በምን ሞተ?»

ሰማኸኝ ኮሌጅ ሳለ ስለ ሰው ልጅ አእምሮ ወፍራም መጽሐፍ አንብቧል፤ ይህች ጥያቄ ግን አልነበረችበትም። እዚህ ላይ መምህሩ በነገር ተረትቷል ማለት ይቻላል።

ህሊና ጄሪካን ተሸክማ የገባችው ያን ጊዜ ነው። የመጨረሻውን ቃል ሰምታለች። ጄሪካኑን አወረደች፤ ቁጣ የላትም፤ የደከማት ትመስላለች።

«አባባ፣ ማታ ማታ በሩን በግንድ የምንደግፈው ለምንድን ነው?»

«ለሌባ ነዋ።»

«ምን ሊሰርቀን?»

አያ ባዘዘው ግቢያቸውን ዘወር ብለው አዩ።

«እኔን ነው» አለች ህሊና። «አሁን የባለትራክተሩ ልጅ እኔ ነኝ።»

ይህን ብላ ውሃውን ልትገለብጥ ገባች። ከመንገዱ የባጃጁ ሹፌር «መምህር! ወጥታለች!» እያለ ይጮሃል። ሰማኸኝ አልተነሣም። ሽማግሌው ትራክተሩን እንደ እንግዳ ሰው ያዩታል።

«ጎረቤት ያውቃል» አሉ ቀስ ብለው። «አንዱም የሚያምነኝ የለም፤ ስለሚወዱኝ ነው። ከልባቸው ያመኑኝ እነዚያ ብቻ ናቸው፤ ከሩቅ የመጡት አፋኞች።»

በማግሥቱ የቅሬታው ስብሰባ ከቀበሌው ራኩባ ሥር ተቀመጠ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ውባንች የህሊና አለኸኝን ስም ገና አንብባ ሳትጨርስ ባየልኝ ተነሣ።

«ይሄ ነገር ባለፈው አልቆ የለም? የባለትራክተር ቤት አታዋርዱ ብለናል!»

«ባየልኝ፣ ተቀመጥ» አሉ አያ ባዘዘው፤ ቆመዋል። «ክብሬን እስከ ዛሬ ጠብቀህልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሞተሩ የለም።»

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬቱን አየ።

«ይጠገናል አያ!» አለ ባየልኝ፤ ሊያለቅስ ደርሷል።

«ዶሮ ታቅፋበታለች።»

«ዶሮዋ ትወጣለቻ!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና በጋቢው አፈነው።

«ስማኝ ልጄ። ይህን የዛሬ ሦስት ዓመት እዚህ ቆሜ ጮኼ ብናገረው ኖሮ፣ ወሬው ከአፋኞቹም ጆሮ ይደርስ ነበር።» ከዘራቸውን ተደገፉ። «የለኝም» አሉ በመጨረሻ። «ወይዘሮ ውባንች፣ ጻፊልኝ። የለኝም።»

ውባንች ጻፈች። ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም።

ድጋፉ ህሊናን ባለጸጋ አላደረጋትም። ቀለቧንና መኝታዋን ይችላል፤ እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ገዳሪፍ አልሄደችም፤ መጂዳ ብቻዋን ተሻገረች፤ እስካሁን ወሬዋ አልተሰማም። ትራክተሩን ከመተማ ዮሐንስ የመጣው ብረት ገዢ ሳጂድ ወሰደው። ኮፈኑን ከፍቶ አየና፣ «ወላሂ አያ፣ ይሄማ ኸላስ፣ ሬሳ ነው» አለ። የቀበሌው ሰው ባለመሆኑ ማንም አልተቀየመውም። ከዋጋው ለህሊና ብርድ ልብስና ቦርሳ ተገዛ። አለኸኝ ግን በዚህም አልተመለሰም። ሽማግሌው ዛሬም ማታ በሩን በግንድ ይደግፋሉ።

ትራክተሩ ከቆመበት ሳር ያልበቀለበት መሬት ቀረ። በደጁ የሚያልፍ ሰው ለጥቂት ጊዜ ምን ብሎ ሰላም እንደሚል ግራ ገባው። መላውን ያገኘው ባየልኝ ነው።

«አያ፣ ነርሷ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ ተመስገን።»

ባየልኝ ግን አላለፈም። ቤቱ ከአያ ባዘዘው ቤት ማዶ ነው፤ ወደ መንገዱ የሚያየው በኩል ብቻ ቆርቆሮ ለብሷል፣ በጓሮ በኩል ሳር ነው። የቀበሌው ሰው ይህንንም ያውቃል።

«አያ… የኔም ልጅ ለከርሞ ተፈታኝ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ያን ቀን ሲነሡ… መጀመሪያ ምን ነበር ያሉት?»

«የከበደኝ መነሣቱ ነበር፤ ቃሉ አጭር ነው» አሉ አያ ባዘዘው። «ለከርሞ ስሙ ሲነበብ ተነሣ። ‹የለኝም› በል። እኔም አጠገብህ ቆሜ፣ ‹እውነቱን ነው፣ እኔ ጎረቤቱ አውቃለሁ፣ የለውም› እልልሃለሁ።»

ባየልኝ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። ድሃ ነው ብለው ሊመሰክሩለት ቃል ስለገቡለት፣ ጎንበስ ብሎ አመስግኗቸው ወደ ግማሽ ቆርቆሮ ቤቱ ሄደ።