የተጻፈውና የሚሠራው

«ቀስ በሉ» የሚባሉት ሰው ደረጃው ላይ የተቀመጡት ደክሟቸው አልነበረም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ፕሮግራም የጻፉ ሰው ናቸው። ይህን ስም ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ የቸኮለ ሰው ባዩ ቁጥር «ቀስ በሉ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለሚሉ ነው። ዛሬ ግን እንቁላሉ አልሄድ ብሏቸው፣ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ በኪሳቸው ይዘው ወደ አለቃቸው ሲወጡ መሐል ላይ ቁጭ አሉ።

ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ የወንድማቸው ልጅ ባላገኘቻቸው ነበር። እርሷም በዚያው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ትፈትሻለች። ለምሳ እየወረደች ነበር።

«ጋሼ! ምን ሆነው ነው? አመመዎት እንዴ?»

«የታመመውስ አእምሮዬ ነው፣ ልጄ። የሕፃናት ክሊኒኩን ፕሮግራም ታውቂው የለ? የልጁን ክብደት ተቀብሎ ስንት ማንኪያ ሽሮፕ እንደሚሰጠው የሚያትመውን። ከአሥር ኪሎ በታች ላለ ሕፃን ግማሽ ማንኪያ ማለት ሲገባው አንድ ይላል። ነርሷ ደርሳበት አሁን በእጇ እየጻፈች ነው። እኔም አስተካከልኩት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አሁንም አንድ ይላል! ግማሽ ብዬ ጻፍኩ፤ አንድ አለ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ፤ አንድ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ! ባለቤቴም ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ ስለምረሳ ‹ሐኪም ይይህ› ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። በሕፃን ነፍስ ከምጫወት ቤቴ ብገባ ይሻላል።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። መሣሪያ እንቢ ሲል ወጣቱ መሣሪያውን ይጠረጥራል፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። እኚህም ሰው ከኮዱ ይልቅ ጭንቅላታቸውን ሲመረምሩ ነው የሰነበቱት።

«ደብዳቤው ይቆይ፤ መጀመሪያ ያሳዩኝ» ብላ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ክፍላቸው ወሰደቻቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ ሥር ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ «አይነካም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ልጅቷ የሁሉንም ፋይል ቅጂ ለብቻ ካስቀመጠች በኋላ፣ «ጋሼ፣ አሁን ኮዱ መሐል የማይረባ ነገር ይጻፉ። ፕሮግራሙን የሚያሰናክል» አለቻቸው።

«በገዛ እጄ ላበላሸው?»

«ግድ የለም፣ ይጻፉ።»

እያቅማሙ «አንተ ደደብ ማሽን» ብለው ጻፉ። ፕሮግራሙ እዚያው መቆም ነበረበት። እርሱ ግን ስድቡን እንዳልሰማ ሆኖ ተነሣና ለሰባት ኪሎ ሕፃን አንድ ማንኪያ ብሎ አተመ።

«ጉድ እኮ ነው! ስሰድበው እንኳ አይሰማም! ወይስ የጻፍኩ መስሎኝ ነው?»

«ጽፈዋል፤ እኔም አይቻለሁ። የሚያነቡትና የሚሠራው ግን አንድ አይደሉም። እርስዎ የሚጽፉት ሰው የሚያነበውን ነው፤ ማሽኑ የሚሠራው ከእርሱ ተተርጉሞ በተቀመጠው ፋይል ነው።» ከዚያ በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን አየች። «ጋሼ፣ ይህ ኮምፒውተር እኮ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል! መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«የሰዓቱ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። ተርጓሚው ፕሮግራም የሚያመሳክረው የሁለቱን ፋይሎች ቀን ብቻ ነው። ዛሬ የጻፉት ከትርጉሙ የቀደመ ስለሚመስለው፣ ‹አዲስ ነገር የለም› ብሎ አሮጌውን ያስነሣል።»

«እንግዲያስ ሰዓቱን እናስተካክለዋ!»

«እሱ ብቻ አይበቃም፤ የጻፉት የድሮ ቀን እንደያዘ ነው። ትርጉሙን በሙሉ ደምስሰን እንደ አዲስ እናስተርጉም።»

ሰውዬው ከወንበራቸው ተነሡ። «መደምሰስ? ማን ይናገር የነበረ! በእኛ ጊዜ ማስተርጎም ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። አንዱ ጓደኛችን ደምስሶ፣ መልሶ መሥራት አቅቶት ሳምንት ሙሉ አልቅሷል። የተሠራ ነገር አይነካም!»

«ያኔ ልክ ነበሩ። ግን ዋናው ጽሑፍ በእጅዎ ካለ ትርጉሙ ሁልጊዜ ይገኛል። መልሶ መሥራት የማይቻል ከሆነም ዛሬውኑ ብናውቀው አይሻልም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«እሺ፣ ባይነሣስ?»

«ቅጂው ለዚያ ነው።»

ሰውዬው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። ከዚያ ሰዓቱን አስተካከሉ፤ ስድቡን ሰረዙ፤ ግማሽ ብለው ጻፉ፤ አሮጌውን ትርጉም ዓይናቸውን ጨፍነው ደመሰሱ። ማስተርጎሙ አርባ ሰከንድ ፈጀ። ማተሚያውም «ሰባት ኪሎ፤ ግማሽ ማንኪያ» ብሎ አወጣ።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ስለዚህ አእምሮዬ ደህና ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚያች ክፍል ማስተካከያ በተደረገ ቁጥር አሮጌው ትርጉም ይጠፋል፤ የሚጠበቀው ዋናው ጽሑፍ ነው። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣለች። ነገር ግራ ሲገባቸውም ሰውዬው በራሳቸው ከመፍረዳቸው በፊት «የማነበው ነው ወይ የሚሠራው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ጥያቄ ሦስት ቀን ቀደም ብለው ቢያውቁት እንቅልፍ አያጡም ነበር።

የዚያን ቀን ልጅቷ ምሳዋ ትዝ ብሏት ልትሄድ ስትነሣ፣ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ይህንስ ምን ላድርገው?»

«መቼ የጻፉት ነው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እንግዲያስ አርጅቷል» አለች።

ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ቅጂ እንኳ አላስቀሩለትም።