የኋላ ወንበር ያልነበራት መኪናና የእህቴ ባል ሕይወት

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የሟችን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም ነኝ። የጋራዥ ወዳጆቻቸው አዘጋጅተው የሰጡኝ ጽሑፍ ከሟች ይልቅ ስለ መኪናቸው የፈረስ ጉልበት የሚያወራ ስለሆነ፣ እሱን ኪሴ ከትቼ የማውቀውን አቀርባለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ከቀብሩ በኋላ ያግኘኝ።

ሟች ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የአባታቸውን የስፌት መኪና ፈጣን አደርጋለሁ ብለው ፈትተው ከገጠሙ በኋላ፣ መርፌው የአባታቸውን ጣት እስኪበሳ ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። የቴክኒክ ትምህርታቸውን በብረታ ብረት ሙያ በጥሩ ውጤት አጠናቀው፣ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የጥገና ባለሙያ በመሆን እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል። ታታሪ ሠራተኛ እንደነበሩ አልክድም፤ በፋብሪካው ውስጥ አንድም ማሽን ከተሠራበት ልክ በላይ እንዲሮጥ ሞክረው አያውቁም። ያንን ጥንቃቄ ወደ ቤታቸው ይዘውት ቢገቡ ኖሮ ዛሬ የማነበው ሌላ በሆነ ነበር።

እህቴን ያገቡት እኔ ሳልስማማ ነው። በጋብቻቸው ሰሞን፣ በደህናው ዘመኗ ለፍጥነት ተብላ የተሠራች፣ እሳቸው ዘንድ ስትደርስ ግን ያረጀች ባለ አራት በር የቤት መኪና ገዝተው መጡ፤ እህቴም ከእንግዲህ አውቶቡስ መጋፋት ቀረልኝ ብላ ተደሰተች። ሟች በመጀመሪያ የሞተሩን ጩኸት የሚያፍነውን ማርሚታ አውልቀው ቀጥ ያለ ቧንቧ በየዱባት፤ ሰፈሩ ሕፃን ማስተኛት አቃተው። ቀጥለው ወደ መሬት ትጠጋ ብለው ሞላዎቹን በብረት መቁረጫ ግራይንደር ቆረጡ፤ ከዚያም ከተሰባበረ የጭነት መኪና ያወጡትን፣ ለሞተር ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ገጠሙባትና ወዳጆቻቸው እሳቸውን ራሳቸውን «ቱርቦ» እያሉ መጥራት ጀመሩ። በመጨረሻም ክብደት ፍጥነትን ይጎትታል በሚል ትርፍ ጎማውን፣ ምንጣፉንና የኋላውን ወንበር ነቅለው አወጡ። በዚያን ጊዜ ሴት ልጃቸው ድክ ድክ ትል ነበር፤ እህቴም ወንድ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። እንግዲህ የተቀነሰው ክብደት እህቴና ልጆቿ ናቸው።

ወንበሩ አልተጣለም፤ ሳሎን ገብቶ ሶፋ ሆነ። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር የቀበቶው ማሰሪያ ጎኔን እየወጋኝ ሻይ ጠጥቻለሁ። ቤተሰቡ አንድ ቦታ ሲጠራ ሟች መኪናቸውን እያስጓሩ ቀድመው ይደርሳሉ፤ እህቴ አንዱን አዝላ አንዷን እየጎተተች ከአውቶቡስ ትወርዳለች፤ እሳቸውም በር ላይ ቆመው ምነው ዘገየሽ ይሏት ነበር። ወንበሩን እንዲመልሱት እህቴ ለመነቻቸው፣ እኔም ተጣላኋቸው፤ እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ልጆቹም የአባታቸውን መኪና ከመንገድ ዳር ቆመው ሲያልፍ እያዩ አደጉ።

ጡረታ እንደወጡ የሳንባ ሕመም ያዛቸውና፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክብደት ሲቀንሱ የኖሩት ሰው ራሳቸው ከቀን ወደ ቀን እየቀለሉ ሄዱ። ያንን ወንበር ከሳሎን አውጡልኝ ያሉት ያኔ ነው። ሊሸጡት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከሴት ልጃቸው ጋር ሆነው፣ እያሳሉና እያረፉ፣ የዛጉትን ቡሎኖች በአዲስ እየተኩ ወደ ቦታው መለሱት። ዘግይቶ የመጣ ደግነት ያናድዳል፤ እኔም ተናድጃለሁ። እህቴ የወንበሩን ጨርቅ አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

ከትናንት በስቲያ ረፋድ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው፤ የተጠራው አምቡላንስም ሳይመጣ ቀረ። ስለዚህ ራሳቸውን በእህቴ ጭን፣ እግራቸውን በወንድ ልጃቸው ጭን ላይ አድርገን በዚያው ወንበር አስተኛናቸው፤ ሴት ልጃቸው መሪውን ያዘች፤ እኔም እግሬ አይረግጣትም ባልኳት መኪና ከፊት ተቀመጥኩ። ልጅቱ ስትፈጥን፣ ሟች በገዛ እጃቸው የቆረጧቸው ሞላዎች የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ወደ ደረታቸው ይልኩት ጀመር፤ ይበላቸው አልኩ በልቤ። ሟችም ልጃቸውን ቀስ ብላ እንድትነዳ ለመኗት። ሕመሙ ነው ብዬ ዞር ስል ግን ዓይናቸው እህቴ ላይ ነበር፤ እሷም ዛሬ ሁላችንም አንድ ላይ ወጣን እያለቻቸው ግንባራቸውን ትዳብስ ነበር። ሆስፒታል በር ሳንደርስ አረፉ።

ሟች ባለቤታቸውን፣ ሴትና ወንድ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም የሥጋ ታላቅ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። መኪናዋንም ትተዋል። አፈር ሳይቀምሱ ሞተሯን ለማን ትሰጪዋለሽ እያላችሁ ስትጠይቋት ለነበራችሁ ወዳጆቻቸው፣ እህቴ መልሷን እንዳደርስ አዝዛኛለች፤ ሞተሩንም፣ ቱርቦውንም፣ ያንን ጯሂ ቧንቧም መጥታችሁ ፍቱና ውሰዱ፤ የኋላው ወንበር ቡሎን ላይ ግን ማንም ቁልፍ እንዳያሳርፍ።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ሰፊ ማረፊያ ይስጥልን፤ ለእህቴም፣ ቀኗ ሲደርስ፣ ከጎናቸው መቀመጫ ያኑርላት።