በተማሪ እግር የወጣ ደረጃ

ኢንዱማቲ ይህን ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእናቷም፣ ለወንድሟም፣ ፋብሪካው ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ ለምትሠራው ጓደኛዋም ቢሆን። ዓይን አፋር ናት። አውቶቡስ ውስጥ መውረጃዋ ሲያልፍ ድምፅ አውጥታ "ወራጅ አለ" ከማለት፣ ቀጣዩ ፌርማታ ድረስ ሄዳ በእግሯ መመለስ የሚቀላት ዓይነት ሴት ናት።

ዛሬ በደቡብ ሕንድ ኮይምባቶር ከተማ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ንድፍ የምትሠራ መሐንዲስ ሆናለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ለዚህ ያበቃት የወንድሟ ሚስት የማራገታም ወንድም ነው ብሎ ያምናል። ሰውዬው ኢንዱማቲ በተማረችበት የግል ኮሌጅ የተማሪዎች ልምምድ ቢሮ ኃላፊ ነው። "የመጀመሪያውን የፋብሪካ ልምምድ ያገኘላት እሱ ነው" ይባላል፣ በሠርግም በለቅሶም። እውነቱ ግን ልምምዱን ያገኘችው ራሷ መሆኗ ነው። ይህንን ነው ዓመታት ሙሉ አንገቷን ደፍታ የያዘችው።

እንደያዘችውም ትቀር ነበር፣ የወንድሟ ልጅ ታራኒ ባትኖር። ታራኒ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ የምህንድስና ኮሌጅ ምርጫዋን በኮምፒዩተር የምትሞላበት የመጨረሻው ቀን ነገ ነው። ልቧ ያለው ራቅ ባለ ከተማ ያለው የመንግሥት ኮሌጅ ላይ ነው። አጎቷ፣ ያው የልምምድ ቢሮ ኃላፊው፣ ግን ዛሬ ሻንጣውን ይዞ መጥቷል፤ ነገ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጦ የራሱን ኮሌጅ አንደኛ ሊያስሞላት። የእናት ወንድም ነውና በእህቱ ልጅ ጉዳይ የሱ ቃል ከአባት ቃል ይቀድማል። ለዚያውም ኢንዱማቲን ሰው ያደረገ አጎት።

አመሻሹ ላይ ኢንዱማቲና ማራገታም በረንዳው ላይ ተቀምጠው ለእራት የሽፈራው ቅጠል ይሸመጥጣሉ። ከኋላቸው መስኮቱ ክፍት ነው። እንግዳው ሳሎን ውስጥ፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለው የእንጨት ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ሰንሰለቱ ሲጥ… ሲጥ… ይላል። ኢንዱማቲ በአገሩ ወግ የታላቅ ወንድሟን ሚስት የምትጠራት "አኒ" ብላ ነው።

"ነፋሱ ዘንድሮ በረታ አይደል አኒ? ያሰጣሁትን ሳሪ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ነው ያገኘሁት። …ይሄኛው ቅርንጫፍ ለጋ ነው፣ እስቲ ለእንግዳችን ለብቻ አስቀምጪላቸው። ምሳቸውን እንዴት ደስ ብሏቸው በሉ። እኔ ደክሞ የሚበላ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

"ደክሞ የሚበላ ስል… አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። እኔ የተማርኩበት ኮሌጅ ነበሩ፤ ስማቸው ጠፋኝ። ወንድምሽ እዚያው ናቸውና ምናልባት ያውቋቸው ይሆን? ተይ፣ ተይ አትጥሪያቸው። ጋዜጣቸውን ያንብቡ። ምን አስቸኳይ ነገር ኖሮን ነው?

"እንዴት ያሉ አስተዋይ ሰው መሰሉሽ። ሦስተኛ ዓመት ስንገባ ሁላችንንም አዳራሽ ሰበሰቡንና፣ 'እጁን ተይዞ የሚሄድ ሰው መሐንዲስ አይሆንም። በእረፍቱ የምትለማመዱበትን ፋብሪካ ራሳችሁ ፈልጉ። ሳያገኝ የሚመጣ ፈተና አይቀመጥም' አሉን። እንዲህ ያመነን ማን አለ? አባቶቻችን ሱቅ እንኳ ብቻችንን አይልኩንም፤ እሳቸው ከተማውን ሙሉ ለቀቁልን።

"ቢሮ ነበራቸው እኮ፤ በሩ ላይ 'የልምምድ ጉዳይ' የሚል የተጻፈበት። ስልክም ነበራቸው። ታዲያ አይሠሩበትም እንዳትዪ። የኮሌጁ ባለቤቶች የወንድም ልጆች፣ የትልልቅ ነጋዴ ልጆች፣ እነዚያ ምስኪኖች… ከመኪና ወርደው መራመድ የማያውቁ… ለነሱ ይደውሉላቸው ነበር። አቅመ ደካማ ሲያዩ አንጀታቸው አይችልም። እኛ ግን እግር ነበረን። እግር ላለው ምን ተብሎ ይደወላል?

"አንዲት ልጅ ነበረች ከክፍላችን…"

ኢንዱማቲ እዚህ ላይ ሌላ ቅርንጫፍ አነሣች። ስለ ራሷ እንደ ሌላ ሰው አድርጋ ማውራት እንዲህ ይቀላል ብላ አስባ አታውቅም።

"የሷም ስም ጠፋኝ፤ ዛሬ ምን ነካኝ? ሰውዬውን በጋብቻ ትዛመዳቸው ነበር። ቢሯቸው ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። እሳቸው ፍርድ አዋቂ ናቸውና፣ 'ለዘመድ ካደላሁ ሰው ምን ይለኛል?' ብለው መለሷት። የነጋዴው ልጆች ዘመዳቸው አይደሉማ፤ ለነሱ መደወል አድልዎ አይሆንም። ይህንን ለመረዳት ብዙ መማር ይጠይቃል አኒ፤ እኔም ገና አሁን ነው የገባኝ።

"ልጅቷ ጥላዋን ዘርግታ ወጣች። የፋብሪካዎቹን መንገድ ታውቂው የለ? ብረት ማቅለጫው፣ ሞተር ቤቱ፣ ያ ሁሉ አጥር። አንዱ ዘበኛ 'የጽዳት ሠራተኛ አንፈልግም' አላት። ሌላው የሠራተኛ ምሳ ያመጣች መስሎት አስገባት፤ 'ምሳው የታለ?' ሲሏት የምትመልሰው አጥታ እየሮጠች ወጣች። አፍ የሌላት ልጅ ናት። 'ልምምድ ፈልጌ ነው' የምትለውን መንገዱን ሁሉ ስትደጋግመው ትመጣና በሩ ላይ ስትደርስ ይጠፋታል። ጫማዋ ተረከዙ ጋ አለቀ። ከቤት ሲጠይቋት 'ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ' ትላለች። አሁን ሳስበው ይሄ ሁሉ የሳቸው ትምህርት ነው። ማስተማር ማለት መምህሩ ሳይኖር የሚሰጠው ነው ለካ።

"ኋላ አንዲት የፓምፕ ፋብሪካ ባለቤት፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሥራውን የያዙ ሴትዮ፣ ከመኪናቸው ሲወርዱ በሩ ላይ አገኟት። 'ምን ትችያለሽ?' አሏት። 'ምንም አልችልም፤ ግን ፓምፑ በዘንጉ በኩል ለምን ውኃ እንደሚያፈስ ማየት እፈልጋለሁ' አለች። አስገቧት። የኮሌጇን ስም ጠየቋትና ነገረቻቸው። ሰምተውት አያውቁም። የኃላፊውንም ስም ነገረቻቸው፤ እሱንም አያውቁትም። …እንግዲህ ትሑት ሰው ስሙን በየፋብሪካው አይበትንም።"

ሰንሰለቱ ዘገም አለ። ሲጥ… ከዚያ ቆየት ብሎ ደግሞ ሲጥ።

"ልምምዷን ጨርሳ ማስረጃዋን ይዛ ስትመለስ ማን የተቀበላት ይመስልሻል? እሳቸው። 'እስቲ አምጪው ልጄ' አሏት። ያን ቀን ልጃቸው ሆነች። ብዙም ሳይቆይ ጋንዲፑራም አውቶቡስ ጣቢያ፣ ከአንድ ፖለቲከኛ የልደት ባነር ጎን፣ ቤት የሚያክል ባነር ተሰቀለ። ላዩ ላይ የልጅቷ ፊት፤ ከሥሩ 'በልምምድ ቢሯችን ጥረት' የሚል ጽሑፍ። ፊቷን ደግሞ እንዴት እንዳነጡት ብታዪ… እንደኔ ጥቁር ናት፤ ወተት አስመሰሏት። የገዛ እናቷ ባነሩ ሥር ቆማ 'ይቺ የማን ልጅ ናት?' አለች ይባላል። ያልሠሩላትን ሠራን ካሉ አይቀር መልኳንም አብረው ሠሩት። ሥራቸው ግማሽ አያውቅም።"

የማራገታም ጣቶች ቅርንጫፉ ላይ ቆሙ። ያንን ባነር ታውቀዋለች። ሥሩ ቆማ ፎቶ ተነሥታለች።

"አባትየው ደግሞ… ባነሩን አይቶ ከአውቶቡስ ወረደ። በማግስቱ ሙዝና ሮማን በሰሐን ደርድሮ፣ ወርቃማ ጥለት ያለው ሻል ይዞ ቢሯቸው ሄደ። ሻሉን አብራው ሄዳ የመረጠችለት ምራቱ ናት አሉ፤ ዓይኗ ጥሩ ነው። በተማሪው ፊት ትከሻቸው ላይ አለበሳቸው። እሳቸው ታዲያ ምን አሉ? ምንም። ደግነታቸው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን 'ኧረ እኔ አይደለሁም፤ ልጅህ ራሷ በእግሯ ዞራ ያገኘችው ነው' ብሎ ሽማግሌውን ግራ ያጋባው ነበር። እሳቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ። አባትየው እስኪሞት 'ባለውለታሽ ናቸው፣ ሲገቡ ከመቀመጫሽ ተነሽ' ይላት ነበር። ትነሣለች። ዛሬም ትነሣለች።"

ሰንሰለቱ ጸጥ አለ። ማራገታም ቀና ብላ አላየችም። ያን ሻል ከአማቷ ጋር ገበያ ወጥታ የመረጠችው እሷ ናት።

ኢንዱማቲ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ዝቅም አላደረገችም።

"አሁንማ ታሪኩ አድጓል። አዲስ ተማሪ በሚመዘገብበት ቀን ለወላጆች ይነግሩታል አሉ። 'አንዲት መናገር የምታፍር ልጅ ነበረች፤ እጇን ይዤ ፋብሪካው በር ድረስ ወሰድኳት' እያሉ። እጇን ይዤ። እናቶች ያለቅሳሉ። እኔም ብሰማው አለቅስ ነበር።

"የኮሌጁ ደረጃም ወጣ። ምሳ ላይ ሲወራ ሰማሽ የለ? ደረጃ አውጪዎቹ የሚጠይቁት ስንት ተማሪ ልምምድ ወጣ ብለው ነው፤ ማን አወጣው ብለው አይጠይቁም። ወጥተዋላ፣ በእግራቸው። ፍርድ ቢኖርማ ሽልማቱ ለጫማችን በተሰጠ። እኔ የምሠራበት ፋብሪካ በርም ላይ ይመጣሉ፤ ከዚያው ኮሌጅ፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ያቺኑ አንዲት ቃል በአፋቸው ይዘው። ውስጥ ያለ ሰው ያስገባቸዋል። እነሱም ለሳቸው ይቆጠራሉ። ደረጃው የወጣበት መጽሔት ደግሞ የጀርባ ሽፋኑ ሙሉውን የኮሌጁ ማስታወቂያ ነው። ደረጃው ቀድሞ ይምጣ፣ ማስታወቂያው ቀድሞ ይምጣ፣ እኔ አላውቅም። እንዲያው ጎረቤታሞች ናቸው።

"ለታራኒያችን ነው ደስ ያለኝ። ያ የመንግሥት ኮሌጅ ምን አለው? ባነር እንኳ የለው። ግድግዳው ተልጧል፣ ወርክሾፑ ዘይት ይሸታል። መምህራኑ ደግሞ ተማሪውን አውቶቡስ ላይ ጭነው ራሳቸው ፋብሪካ ይወስዱታል አሉ። ልጅ እንዲህ ይቀበጣል? እዚህ ግን… እግሯ ጠንካራ ነው፣ ትችለዋለች። ጥላ እኔ እሰጣታለሁ። ፊቷን እነሱ ያነጡላታል። አንቺም አኒ፣ ሻል ከአሁኑ ግዢ። የዲፓቫሊ በዓል ገበያ ከደረሰ ጥሩ ጥሩው ያልቃል።"

ተነሣች። ቅጠሉን በሰፌድ ይዛ ኩሽና ገባች። በሕይወቷ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት አጎትየው ታጥቦ፣ የጸሎት አመዱን ግንባሩ ላይ ተቀብቶ፣ ኮምፒዩተሩን ከፊቱ አድርጎ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ማራገታም ቁርሱን ይዛ መጣች። ሰሐኑን ከፊቱ አስቀመጠችና ኮምፒዩተሩን በሌላ እጇ አንሥታ ልጇ ፊት አኖረችው። እንደ ሰሐኑ ሁሉ ቦታ ለማስተካከል ያህል ነበር። ታራኒ አክስቷን አየቻት። ኢንዱማቲ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ የመንግሥቱን ኮሌጅ አንደኛ ላይ ጻፈች፤ ሁለተኛና ሦስተኛውንም ማንንም ሳትጠይቅ ሞላች። የአጎቷ ኮሌጅ ከመካከላቸው አልነበረም።

አጎትየው ቁርሱን ሳይጨርስ ድንገት ስብሰባ ትዝ አለው።

ጫማውን በረንዳው ላይ እያሰረ፣ ማራገታም ሻንጣውን ይዛ አጠገቡ ቆማ ሳለ፣ ኢንዱማቲ ወጣች። የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችለትና ወደ ወንድሟ ሚስት ዞረች።

"አኒ፣ ወንድምሽ ወደ ኮሌጅ መመለሳቸው ከሆነ አንድ መልእክት ያድርሱልኝ። ያንን የትናንቱን ሰው ምናልባት ካገኟቸው፣ ያቺ ልጅ ቂም የላትም ይበሉልኝ። እንዲያውም ሌሊቱን ስትጸልይላቸው አደረች። አንድ ልጅ አላቸው አሉ፤ ብልህ፣ ጨዋ ልጅ። ሩቅ ከተማ አስጠኚ ቤት አስገብተውት፣ የሌላ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና እንዲያልፍ ቀን ከሌት ያስጠኑታል። ያ ልጅ ምን በወጣው ይለፋል? አምላካችን ሙሩጋን ልመናዋን ይስማትና፣ ከዚያ ሁሉ ድካም ገላግሎት የአባቱን ኮሌጅ ይስጠው። እዚያም ልክ እንደ አባቱ ያለ ሰው ይቀበለው፤ እንደ አባቱ አስቦለት፣ እንደ አባቱ ተከታትሎ፣ እስከ መጨረሻው ያድርሰው።"