የካርሎስ አራተኛን ታሪክ የጻፉት አቶ ጥበቡ ፈለቀ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ይህን ዜና ሕይወት የሚያነበው የሟቹ የበኩር ልጅ ሶፎንያስ ነው፤ ስለ ራሱ ጥፋት ሲናገር «እሱ» የሚለው «እኔ» ማለት ስላሳፈረው ነውና ታገሡት።

አቶ ጥበቡ ፈለቀ ከአባታቸው ከመሪጌታ ፈለቀ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጋነሽ ተሰማ በ1945 ዓ.ም. በዋድላ ተወልደው፣ ዳዊት ደግመውና ቅኔ ቆጥረው፣ በሃያ አራት ዓመታቸው ለትምህርት ካይሮ ገቡ። የትምህርቱ ድጋፍ ሲቋረጥባቸው ዛማሌክ በሚባለው ሰፈር በአንድ የስፔን ዲፕሎማት ቤት በሾፌርነት ተቀጠሩ፤ ጌትዬው ስብሰባ በዋሉ ቁጥር እሳቸው መኪናው ውስጥ መዝገበ ቃላት ይዘው እየዋሉ፣ ዳዊትን ባጠኑበት ትጋት ስፔንኛን አጠኑ። ከዚያ ቤት መጻሕፍት መካከል የስፔኑን ንጉሥ የካርሎስ አራተኛን ታሪክ አገኙና አዘኑለት፤ በአማርኛ ሊጽፉትም ተነሡ።

ከወይዘሮ እመቤት ጋር በጋብቻ ተሳስረው እዚሁ ካይሮ፣ ሞሃንዲሲን ሰፈር ውስጥ ሶፎንያስንና ሀሌሉያን ወለዱ። ሶፎንያስም ኮምፒዩተር መንካት ከቻለበት ቀን ጀምሮ አባቱ በእጃቸው የጻፉትን ይተይብ ነበር። ንጉሡ መንግሥቱን ለአንድ ወዳጁ ትቶ አደን ሲያድን፣ ልጁ ፈርናንዶ እንደተነሣበት፣ አባትና ልጅም ናፖሊዮን ይዳኘን ብለው ፈረንሳይ አገር ባዮን ድረስ ሄደው ዘውዱን እንዳስነጠቁ፣ ናፖሊዮንም ለገዛ ወንድሙ እንደሰጠው አብረው ጻፉ። አቶ ጥበቡ እዚህ ላይ ሲደርሱ «ወይ ሞኝነት!» ብለው ይስቁ ነበር።

በዚህ ከተማ የሞተ ወገን ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ዕድር አቋቁመው ዐሥራ ስምንት ዓመት በሊቀመንበርነት መሩ። የዛሬ ስድስት ዓመት ወጣቶቹ ሶፎንያስን ሲመርጡ ግን አባት አልለቅም አሉ፤ ልጅም በጉባኤ ፊት «አባባ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አርጅተዋል!» አላቸው። ነገሩ ዓለምሰገድ ወደሚባል ነጋዴ ለሽምግልና ቀረበ። አባት ከልጄ እጅ እንዳይገባ ብለው ማኅተሙን፣ ልጅ ከአባቴ እጅ እንዳይገባ ብሎ የአባላቱን መዝገብ ለዚሁ ሰው አስረከቡ። እሱም ሁለቱንም ይዞ ዕድሩን ለወንድሙ ሰጠው፤ አቤት! በዓመቱም ፈረሰ። ወይዘሮ እመቤት «ያን ሁሉ ዘመን ስትጽፉና ስትተይቡ የኖራችሁት ለማን ነበር? የቆጡን አወርድ ብላችሁ የብብታችሁን ጣላችሁ» ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም። ሶፎንያስ ሄሊዮፖሊስ ቤት ተከራየ፤ በታክሲ የማይርቀውን መንገድ አምስት ዓመት አልተሻገረውም። አቶ ጥበቡ ኩላሊታቸውን ታመው ሳለ ባለፈው ማክሰኞ በሀሌሉያ በኩል «አንድ ምዕራፍ ቀርቶኛል፣ መጥቶ ይተይብልኝ» ብለው ላኩበት። ልቡ የደነደነው ልጅ «አርብ እመጣለሁ» አለ። እሳቸው ሐሙስ ጠዋት በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ሶፎንያስ አርብ መጣ። አባቱ የጻፉባቸውን ደብተሮችም ገለጠ። ፈርናንዶ «ከሃዲው ልዑል» ተብሎ በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ቃሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ከላዩ «ልጁ» ተብሏል። አንድም አልቀረም። መጨረሻው ገጽ ላይ ንጉሡ በስደት ኢጣልያ መሞቱን ጽፈው፣ «ልጁንም ሳያይ» ከሚለው ላይ እጃቸው ቆሟል። ሶፎንያስ ምዕራፉን እንዳለ ተየበው፤ ሊጨርሰው አልደፈረም።

አቶ ጥበቡ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ናኦድንና ዐሥራ አራት ደብተሮችን ትተው ሄደዋል። ስንቱን ባዕድ አገር የወደቀ የቀበሩትን አባት፣ አምላካችን እንግድነት በሌለበት አገር ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ሳይመሽብን የምንታረቅበትን ልብ ይስጠን።

አስከሬናቸውን የሚያነሣ ዕድር ስለሌለ፣ ትከሻ ያላችሁ ሁሉ ተጠጉ። ከፊት የምሸከመው እኔ ነኝ።