ፍሬ የሌለው የሙሽራ አበባ

እኔ ሳገባ ፋሽኑ የፕላስቲክ አበባ ነበር። እስከዛሬ ቡፌው ላይ ተቀምጧል፤ መልኩን በመጠበቅ ከባሌ ይሻላል። ታናሽ እህቴ አምቦ ላይ ስታገባ ግን ፕላስቲኩም ጽጌረዳውም ፋራ ሆኑና፣ ከአዲስ አበባ የደረቀ የገብስ ዛላ በሪባን ታስሮ መጣላት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎጆ በሚባለው ደጋ አገር ገብስ ያጨዱት አጎታችን ኦቦ ቶሎሳ ሊመርቋት ሲነሱ እጇ ላይ አዩት። አንዱን ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹና እፍ አሉበት። ምንም አልቀረም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ገለባ ይዘሽ ነው ከአባትሽ ቤት የምትወጪው?»

«ፋሽን ነው እኮ ጋሼ» አልኳቸው።

«እኛ ጋ የበሬ ቀለብ ነው። እኔ በደረቅ ነገር አልመርቅም፤ ሙሽራ እርጥብ ሣር ነው የምትይዘው» አሉና ከግቢው ሣር ነጭተው አስያዟት፣ መረቋትም። እህቴ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ፎቶ አንሺው ግን ከሁሉም መርጦ ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ሣር የያዘችበትን ነው።

ይኸው አሁን ሙሽራ ሁሉ ሣር ይዛ ነው የምትገባው። ባለፈው ቅዳሜ ጉደር ሠርግ ተጠርተን፣ ለምለም መስክ ላይ ተቀምጠን ሙሽራዋን ሁለት ሰዓት ጠበቅናት። ምን አዘገያት ብዬ ብጠይቅ፣ ሣሩ ገና ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው አሉኝ።