የተደፋው ደም

ከነቬ ኢታማር ሰፈር ወደ ፖሌግ በሚሄደው ሼሩት፣ በጋራ ታክሲው ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ የጎረሱት ዳቦ ጉሮሯቸው ላይ ሲሰነቀርባቸው፣ አጠገባቸው ያለች ባጅ ያንጠለጠለች ወጣት ውሃዋን ሰጠቻቸው።

«አባባ፣ ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚያንቅዎት?»

«ከፔሳህ በዓል ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።»

«ሐኪም አላዩም?»

«ልጄ ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ ወስዶኝ ነበር። ለምርመራ ደም ስጡ ሲሉኝ ጥያቸው ወጣሁ።»

«ምነው? እኔ እኮ ፖሌግ ማዕባዳ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ደም መርማሪ ነኝ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ገና ሳይብስ ደም ውስጥ የሚያሳየውን ምልክት ነው የምንፈልግ።»

«ድሮ እዚሁ አገር ለደም ባንክ ደሜን ሰጥቼ ነበር። የኢትዮጵያዊ ደም ነው ብለው ደፉት።»

«እሱ እኔ ሳልወለድ ነው፣ አባባ። ይኼኛው ለራስዎ ነው።»

«ያኔም ለሰው ብዬ ነው የሰጠሁ።»

«ግን ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ለምርምሩ ደም የሚሰጠን ጠፋ። ምልክቱ በእኛ ደም ውስጥ ምን እንደሚመስል እስካሁን አናውቅም።»

«እንግዲያ እነሱ ደፍተው ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ብለሻል እንጂ።»

«እሺ፣ እኔ በገዛ እጄ ብቀዳዎትስ?»

«ስትቀጂ አያለሁ። ሲደፉት ማን ያሳየኛል?»

እኔ ጠዋት ደም ተቀድቼ ጥጥ የተለጠፈበትን ክንዴን፣ ሽማግሌው ዞር ብለው እንዳያዩብኝ በእጅጌዬ ሸፈንኩት።