ቃሬዛው በቦዩ ላይ

ደባርቅ ላይ ያረጀውን የውሃ መስመር ስንቀይር፣ ዳገቱ ድንጋይ ነውና መንገዱን የሚያቋርጠውን ቦይ ሦስት ቀን ቆፈርነው። ቧንቧውን ልናስገባ ስንል የሰፈሩ ቄስ መጡ። «ልጆቼ፣ ቀብር አለብን፤ ቦዩን ድፈኑልን» አሉ። «አባ፣ ደግመን ለመቆፈር ጉልበታችን አልቋል» አልኳቸው። ቦዩን አዩት፤ እጃችንንም አዩት። «እንግዲያስ እዚያው ቁሙና ተቀበሉን» አሉ።

አራት ሆነን ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆምን ቃሬዛውን ከላይ ተቀበልን። ተሸካሚዎቹ በጠባብ ጣውላ አንድ በአንድ እስኪሻገሩ ትከሻችን ላይ ቆየ። ካሻገርናቸው በኋላ ወደኋላ የቀረውን ለቀስተኛ «ማን ናቸው?» አልኩት።

«እማማ ብርቄ፣ ከላይኛው ቤት። ቧንቧው እዚያ አይደርስም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከታች ውሃ ሲቀዱ ኖሩ።»

ዶማዬን ማንሳት አቃተኝ። ያን ዳገት እንስራ አዝለው የወጡት እናት፣ ትከሻዬ ላይ ምንም አልከበዱኝም ነበር።